ነጩ ቅርፊትና ሮቶው ውስጥ ያገኘሁት ጭቃ

እናቴ ከዳባት ልትጠይቀን በመጣች በማግስቱ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወደ ውስጥ ተመለከተችና ፊቷ ጠቆረ። «ይኸን ነው ልጄ ለሕፃኗ የምትሰጫት?» አለችኝ።

ውስጡ ነጭ ነው። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ይመስላል። ታችኛው ደግሞ በጥፍር ሲጭሩት እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ይነሳል። እኔ ለምጄዋለሁ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ይህን ቤት ከተከራየን ጀምሮ እንዲህ ነው። የሻወሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ነጠብጣብ ይቀርበታል፣ ጥቁር ልብስ ከገመድ ሲወርድ አመድ የነካው ይመስላል፣ ፀጉር ሲታጠብ ገለባ ይሆናል። ግቢያችን የጉድጓድ ውሃም የመስመር ውሃም አለው፤ ሁለቱም የሚገቡት አንድ ሮቶ ውስጥ ነው።

ያን ሰሞን ልጄ ታማ ነበር። ሆዷ አልቆም ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። ጤና ጣቢያ ወስደናት ሰገራዋ ሲመረመር ጃርዲያ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጣትና ተመለስን። እናቴ ታዲያ ሁለቱን ነገር አገናኘቻቸው። ልጅቱን ያሳመማት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ነው ብላ ቁርጥ አደረገች። እኔም ለጥቂት ቀናት እንደዚያው አሰብኩ። ትክክል አልነበርንም። ብዙ ጎረቤት እንደኛው ነጩን ነገር እየፈራ ዋናውን ሳያይ ሲያልፍ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ነጩ። ዝናብ ሲወርድ ምንም ያልያዘ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ትንሽ አሲድነት ያገኛል፣ በዚያ አሲድነቱ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። የጎንደር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው። ውሃው ከመሬት በታች ብዙ በቆየ ቁጥር ብዙ ይዞ ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝና ከግድብ ውሃ ይልቅ ሳሙና አልቀበል የሚለው ለዚህ ነው። ስናፈላው ደግሞ ያ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ሲወጣ ውሃው ካልሲየሙን መያዝ ያቅተዋል። ተሟሙቶ የነበረው መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ፋሲል ግንብ ስትሄዱ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘውን ነገር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኖራ ነው። ኖራ ተቃጥሎ፣ በውሃ ተቦክቶ ድንጋዩ መሃል ከገባ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይጠነክራል፤ ጠንክሮ የሚሆነውም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከ300 ዓመት በላይ ግንቡን አያይዞ ያቆየውና የኔ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ግንብ ይጠጣል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ፣ አዎ፣ በዚህ መጠን ይጠጣል ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው፤ ወተትና ጎመን ውስጥም የምንፈልጋቸው እነሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ፣ ለናይትሬት፣ ለአርሴኒክ ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አስቀምጧል። ለካልሲየምና ለማግኒዥየም ግን ለጤና ብሎ ያስቀመጠው ገደብ የለም። ሁለቱ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰሉ፣ ውሃ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ሲይዝ ለስላሳ ይባላል፣ ከ120 ሲያልፍ ሳሙና ማስቸገር ይጀምራል፣ ከ180 በላይ ከሆነ በጣም ከባድ ነው ይባላል። ይህ አከፋፈል ለልብስ አጣቢና ለቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቅም እንጂ የበሽታ መለኪያ አይደለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

እናቴ በቃል ብቻ የምታምን ሰው አይደለችም። ስለዚህ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ ቅርፊት በቢላ ጫፍ አንስቼ ሲኒ ውስጥ ጨመርኩና አቼቶ አፈሰስኩበት። ወዲያው ፈላ። እሳት ሳይኖር ጥቃቅን አረፋ እያወጣ፣ ሲኒውን ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ጭስስ የሚል ድምፅ እያሰማ፣ ቅርፊቱ ከዳር ዳር እያነሰ ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከሲኒው ውስጥ ጠፋ። ጭቃ ቢሆን አይፈላም፤ አቼቶው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል። እናቴ ሲኒውን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና «እንዲያ ከሆነስ ማንቆርቆሪያውን ለምን አታጥቢበትም?» አለች። አጠብነው። ግማሽ ኩባያ አቼቶ ከውሃ ጋር ለብ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል መተው ነው፤ ሎሚም ይሠራል። ከዚያ ሁለቴ አለቅልቁት። ብረት ሱፍ አያስፈልግም፣ ማንቆርቆሪያውን ይጭረዋል።

ነጩ ነገር አያሳምምም ማለቴ ግን ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። ያስከፍላል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ወስጄ አንዱ ውስጥ መስከረም ላይ ከጣሪያ የተቀበልኩትን የዝናብ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ የጉድጓዳችንን ውሃ እኩል ጨመርኩ። ከልብስ ሳሙና በጣት ጥፍር ልክ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ለሁለቱም ሰጠሁና እየቆጠርኩ አሥር አሥር ጊዜ ወዘወዝኳቸው። የዝናቡ እስከ አፉ አረፋ ሞላ። የጉድጓዱ ግን አሬራ መሰለ፤ ላዩ ላይ የተቋጠረ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ፣ አረፋ የሚባል የለም። ሳሙናው ልብሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ይቋጠራል፤ ካልሲየሙ እስኪያልቅ ድረስ የምንጨምረው ሳሙና በሙሉ ልብስ ሳያጥብ ያልቃል ማለት ነው። ጥቁር ልብስ ላይ የሚቀረው አመድ የመሰለውም ይኸው ነው። የዱቄት ሳሙና ይሻላል፣ እንዲህ ቶሎ አይቋጠርም።

ሂተሩም አንድ ቀን ድንገት ማሞቅ አቆመ። የመጣው ሠራተኛ ኤለመንቱን ፈትቶ ሲስበው አልወጣም፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ እየመታ ካፈረፈረው በኋላ ነው የወጣው። ዘንጉ የእርሳስ ውፍረት ነበረው፣ ቅርፊቱ ግን የበቆሎ ቆረቆንዳ አሳክሎታል። እንዲህ ሲሸፈን ሙቀቱ ወደ ውሃው አይተላለፍም። መብራት ይቆጥራል፣ ውሃው አይሞቅም፣ በመጨረሻ ኤለመንቱ ራሱን ያቃጥላል። በዓመት አንዴ አስከፍቶ ማጽዳት አዲስ ከመግዛት ይቀላል።

የሽምብራው ነገር ግን ከሁሉ በላይ ገርሞኛል። በጾም ንፍሮ ስጥድ አልበስል ይለኝ ነበር፣ ከሰሉ አልቆ እንኳን ፍሬው ጥርስ ላይ ይነጥራል። ሽምብራው አሮጌ ነው ብዬ ባለሱቁን ስቀየም ነበር። ለካ ካልሲየም የጥራጥሬውን ሥጋ ያጠነክረዋል፤ ከፍታችንም ሲጨመርበት ይብሳል። አሁን ማታ ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዝና ነጩ ሲሰፍር ከላይ በቀስታ ቀድቼ እሱ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ልዩነቱን ባለቤቴ ሳልነግረው አውቆታል።

(እናቴ ልጅ ሆና ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር ትላለች፤ ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ የሚመጣውን ንጣት ዛሬም ታወድሰዋለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ መግደያ ያገኙት። ከልብስ አጣቢ ሴቶች ሥራ የተነሳ ትልቅ ሳይንስ ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።)

እንግዲህ ልጄን ያሳመማት ነጩ ካልሆነ ምንድን ነው? የምትጠጣው የፈላ ነው። እሱን አጥብቄ ነው የምጠብቀው፤ ማንቆርቆሪያውም ያን ያህል የነጣው ዘወትር ስለማፈላ ነው። ታዲያ እናቴ በመጣች በአራተኛው ቀን ኩሽና ቁጭ ብላ ስታየኝ ዋለችና «ኩባያዋን በምን አለቀለቅሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። በቧንቧው። «ቲማቲሙንስ?» በቧንቧው። ጥርሷንም የምትቦርሸው በሱ ነው። ቧንቧው ደግሞ የሚቀዳው ከሮቶው ነው።

ሮቶው ተከፍቶ አያውቅም ነበር። እኛ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፣ ከኛ በፊት የነበሩትም ሲከፍቱት ያየ የለም። ባለቤቴ መሰላል ተውሶ ወጣና ክዳኑን ከፈተው፤ ጠመመ እንጂ ግጥም ብሎ አልተዘጋም ነበር። የሞባይል መብራት አበራበት። ከላይ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሥሩ ግን አይታይም። በዘንግ ሲነካው እንደ ጠላ አተላ ቡን ብሎ ተነሳና ውሃው ሁሉ ቡናማ ሆነ። ውሃውን ለልብስና ለሽንት ቤት ከጨረስን በኋላ ስናወጣው አንድ ባልዲ ተኩል ጭቃ ወጣው፤ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ፣ ክፉ ሽታ ያለው፣ ውስጡ የላባ ቁራጭና የነፍሳት ክንፍ ያለበት። የሮቶው መውጫ ቱቦ ከሥሩ በአራት ጣት ከፍ ያለ ስለሆነ ጭቃው ታች ይቀራል። ውሃው ሊያልቅ ሲል ግን ያን ጭቃ እየላሰ ነው የሚወርደው። ልጄ የታመመችው ደግሞ ፈረቃው ዘግይቶ የሮቶው ጭላጭ ላይ በደረስንበት ሳምንት ነው። ከሮቶው ነው ብዬ አልምልም፣ ጃርዲያ በእጅም ይተላለፋል። ግን እናት ነኝ፣ ያን ባልዲ ካየሁ በኋላ ሌላ ቦታ መፈለግ አልቻልኩም።

ጭቃው ከየት መጣ? ጎንደር ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዱ «ውሃ መጣ!» ሲል ግቢው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይነሳል። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ግፊት ሲኖረው ቀዳዳ ቢኖርበት እንኳን ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። ባዶ ሲሆን ግን ይገለበጣል፤ በቦይ ውስጥ የሚያልፍ፣ በሽንት ቤት አጠገብ የሚያልፍ ቧንቧ በዚያው ቀዳዳ ዙሪያውን ያለውን ይስባል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመጣው ሻይ የመሰለ ውሃ ያ ነው። እሱን ለአትክልት ወይም ለሽንት ቤት ቅዱት፣ ሮቶ ውስጥ አታስገቡት። እኛ አሁን ጥርት እስኪል ድረስ ወደ ሮቶ የሚወስደውን እንዘጋዋለን። ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፤ ዲናሞ በቀጥታ መስመሩ ላይ ገጥማችሁ አትሳቡ። የሚመጣው ውሃ ከጎረቤት የተነጠቀ ነው፣ ከዚያም በላይ በሚፈጥረው መሳብ ቆሻሻውን ከአፈር ወደ ቧንቧ የሚያስገባው እሱ ነው። መጀመሪያ ታች በርሜል ውስጥ ይውረድ፣ ከበርሜሉ ወደ ላይ ሳቡት።

ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ መሄዱ የታወቀ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው የሚደፈርሰው ከላይ ያለው መሬት ታጥቦ ስለሚወርድ ነው። የመገጭ ግድብ ደግሞ ስንት ዓመት ነው የተጠበቀው። ስለዚህ ፈረቃው ነገ ያልቃል ብዬ አልጠብቅም፤ ቤታችን የምናደርገውን ነው የምናገረው።

ሮቶውን አጥበን፣ በበረኪና ለቅልቀን፣ ያን ውሃ ደፍተን እንደገና ሞላነው። ክዳኑ ተቀየረ። መተንፈሻው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አሰርንበት። ውሃ ከማጣሪያ ጣቢያው ክሎሪን ይዞ ይወጣል፤ ቧንቧችን ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ሊቀርበት ይገባል። ሮቶ ውስጥ ቀናት ሲቀመጥ ግን ያም ይተናል። ስለዚህ የመጠጥና የዕቃ ማለቅለቂያውን በ20 ሊትር ጀሪካን ለይተን ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ እንጨምርበታለን። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ተከተሉ፣ በግምት አይሁን። ከጨመሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የግድ ነው። የደፈረሰ ውሃ ላይ ግን ቢጨምሩት ክሎሪኑ በጭቃው ያልቃል። መጀመሪያ ይስፈር፣ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ አጣሩት።

ክሎሪን ተቅማጥ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች በደንብ ይገድላል፣ ታይፎይድንም ጨምሮ። ጃርዲያና አሜባ ግን ዛጎል የመሰለ ልባስ ስላላቸው ቤት በምንጨምረው መጠን በቀላሉ አይሞቱም። ለነሱ ማፍላት ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እሱም ይበቃል። ግን በኛ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ብልጭ ሲል ማውረድ የለም። ጥሩ የሸክላ ማጣሪያ ያለውም እነዚህን ያስቀርለታል። ነጩን ግን አያስቀርም፣ ስለዚህ ማጣሪያው አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት።

ማፍላት ሁሉን ነገር ይፈታል ማለትም ልክ አይደለም። ከሽንት ቤት ወደ ጉድጓድ የሚሰርግ ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበዛል። ፍሎራይድም እንደዚያው። ስምጥ ሸለቆ ያደጉ ጓደኞቻችን ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው በዚህ ነው፤ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጉድጓድ ያላችሁ ሰዎች ውሃውን አንድ ጊዜ ላብራቶሪ አስመርምሩት። ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅም በእግራችሁ ለኩት።

የመቅጃ ነገርም አለ። የተከደነ፣ አፉ ጠባብ ዕቃ። ቧንቧ ያለው ባልዲ ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ። እታለም የምንላቸው የግቢያችን ትልቅ ሴት ኩባያ ገንቦ ውስጥ አጥልቀው ሲቀዱ አየሁና እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። በመጨረሻ ቧንቧ ያለው ባልዲ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። «ምን ብዬ ልመርቅሽ» ብለው መረቁኝ። በነጋታው ሲኒ ሁሉ በሱ ያለቀልቁ ነበር።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ናት። የአገሪቱ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች እዚህ ሠልጥነው ነው ገጠር ለገጠር ምንጭ ሲያጎለብቱና ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ የኖሩት። ውሃ እንዴት እንደሚመረመር ያስተማረች ከተማ ናት። እኔ ግን የሰፈሬ ውሃ ባለፈው ወር ስንት ክሎሪን እንደነበረው ጠይቄ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ ዋልኩና ቁጥር ሳላገኝ ተመለስኩ። ሦስት ቁጥር ነው የምፈልገው። ቧንቧ ላይ የተረፈ ክሎሪን ስንት ነው፤ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢኮላይ፣ ማለትም ውሃውን ሰገራ እንደነካው የሚያሳየው ባክቴሪያ፣ አለ ወይስ የለም፣ ዜሮ ነው መሆን ያለበት፤ ውሃው ምን ያህል ካልሲየም አለው። በየወሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በወረቀት ቢለጠፍ ይበቃኛል። ያኔ እናቶች ነጩን መፍራት ትተው የሚፈራውን በጊዜ ይፈሩ ነበር።

ልጄ ድናለች፣ ክብደቷም ተመልሷል። እናቴ ወደ ዳባት ስትመለስ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ይዛ ሄዳለች። እኛ ሮቶውን ቀጥሎ የምናጥብበትን ቀን ከጎረቤቶች ጋር ቆርጠናል። ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፣ መሰላሉም እዚሁ ግቢ ይቆያል፣ ውሃው ያን ሰሞን ከመጣ።